ከላይብረሪ በነፃ መማር፣ የራሳችንንም ዝግጅት ማዘጋጀት፦ ዲሲና አካባቢው ላላችሁ

ብዙዎቻችን ላይብረሪ ሲባል የሚታየን ተማሪ አንገቱን ደፍቶ የሚያጠናበት ጸጥ ያለ ክፍል ነው። ልጆቻችንን እናደርሳለን። መኪና ውስጥ ቁጭ ብለን ስልክ እየነካካን እንጠብቃለን። ሲጨርሱ ይዘን ወደ ቤት። ገባ ብሎ «ለእኔስ ምን አላችሁ?» የሚል አዋቂ ጥቂት ነው። ይሉኝታ አለ፣ «እንግሊዝኛዬ አይበቃም» የሚል ፍርሃት አለ፣ ነፃ ከተባለ ደግሞ ከጀርባው አንድ ነገር ይኖረዋል የሚል ጥርጣሬም አለ። ምንም የለውም። የምትከፍሉት ታክስ ነው።

እዚህ የምጽፈው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አንድ አዋቂ ሰው ከላይብረሪ እንግሊዝኛ፣ የሲትዝንሺፕ ዝግጅትና የሃይስኩል ዲፕሎማ ትምህርት እንዴት እንደሚያገኝ። ሁለተኛ፣ የራሳችንን የባህል ዝግጅት በላይብረሪ አዳራሽ እንዴት እንደምናዘጋጅ። ምሳሌዎቹ የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ናቸው። ሲያትል ወይም ዴንቨር ያላችሁም አካሄዱ ያው ነው፣ ዝርዝር ደንቡን ግን ከአካባቢያችሁ ላይብረሪ አጣሩ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው።

መጀመሪያ ካርዱን አውጡ

ካርድ ነፃ ነው። የሚያስፈልገው ፎቶ ያለው መታወቂያና አድራሻችሁን የሚያሳይ ነገር ነው። መታወቂያው ላይ የአሁኑ አድራሻ ካለ እሱው ይበቃል፤ ከሌለ የባንክ ደብዳቤ፣ የመብራት ቢል ወይም የቤት ኪራይ ውል ያዙ። አዲስ መጥታችሁ ዘመድ ቤት ካላችሁና በስማችሁ ምንም ወረቀት ከሌለ ዝም ብላችሁ አትመለሱ፤ «ዘመድ ጋር ነው ያለሁት፣ ምን ላምጣ?» በሉ። እንዲህ ዓይነት ሰው በየቀኑ ስለሚያጋጥማቸው መላ አያጡም። የኢሚግሬሽን ሁኔታችሁን አይጠይቁም።

የዲሲ ላይብረሪ ካርድ ለዲሲ ነዋሪ ብቻ አይደለም። ዲሲ ውስጥ የሚሠራና የሚማር ያገኛል፤ በሞንትጎመሪ፣ በፕሪንስ ጆርጅስ፣ በአርሊንግተን፣ በአሌክሳንድሪያና በፌርፋክስ የሚኖርም እንደዚሁ። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖራችሁ የሞንትጎመሪውንም የዲሲውንም መያዝ ትችላላችሁ። ያዙ። አንዱ ጋ ያጣችሁትን ክላስ ሌላው ጋ ታገኙታላችሁ።

ዴስኩ ጋ ሄዳችሁ ጠይቁ

ይሄኛው ደረጃ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቀረው። ዌብሳይት ላይ ሲፈልግ ይደክመውና ይተወዋል። ዴስኩ ጋ የተቀመጠችው ሴትዮ ሥራዋ ጥያቄ መመለስ ነው፣ ለዚያ ነው የሚከፈላት፣ አታስቸግሯትም። «አዳልት ለርኒንግ» (የአዋቂዎች ትምህርት) የምትለዋን ቃል ብቻ ያዙ። እሷን ካላችሁ ወደ ትክክለኛው ሰው ይመሯችኋል። ከዚያ የምትፈልጉትን በአጭሩ ተናገሩ፦ እንግሊዝኛ፣ ሲትዝንሺፕ፣ ጂኢዲ (የሃይስኩል ዲፕሎማን የሚተካው ፈተና) ወይም ኮምፒውተር። ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ሥራ እንዳለባችሁም ንገሯቸው፣ ምክንያቱም የማታ ሺፍት ለሚሠራ ሰው የማታ ክላስ መጠቆም ዋጋ የለውም።

እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። ዲሲ ውስጥ በ2004 የወጣ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለ፤ የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው በስልክም ቢሆን አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፣ አማርኛም ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። መብት ነው፣ ልመና አይደለም። የአሥር ዓመት ልጃችሁን አስተርጓሚ አድርጋችሁ መሄድ ግን ይቅርባችሁ። ልጁም ይሳቀቃል፣ እናንተም የምትፈልጉትን በደንብ አትናገሩም።

አንድ ነገር እወቁ፦ ላይብረሪው ራሱ የማያስተምረው ነገር ካለ የሚያስተምረውን ቦታ ይጠቁማችኋል። ዲሲ ውስጥ ለአዋቂዎች ብቻ የተቋቋሙ ነፃ ትምህርት ቤቶች አሉ፣ ካርሎስ ሮዛሪዮ አንዱ ነው። ሜሪላንድ ደግሞ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ አለ። የትኛው መቼ እንደሚመዘግብ ማወቅ የላይብረሪያኗ ሥራ ነው።

እንግሊዝኛ፦ ክላስ ወይስ የንግግር ክበብ?

ሁለቱ ይለያያሉ። ክላስ ምዝገባ አለው፣ ደረጃ አለው፣ ስትመዘገቡ የደረጃ መለያ ፈተና ትወስዳላችሁ። በብዛት የሚሰጠው ካሳስ የሚባለው ነው። ፈተናው ላይ ከጎን ሰው አትኮርጁ። ሳቁ፣ ግን የሚያደርገው አለ፣ «ዝቅ ያለ ክላስ አስገቡኝ» ማለት ስለሚያሳፍር። ከደረጃችሁ በላይ ከገባችሁ ሁለተኛው ሳምንት ላይ መምህሩ የሚለው አይገባችሁም፣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ትቀራላችሁ።

የንግግር ክበብ የሚባለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ምዝገባ አይፈልግም። ክብ ሠርቶ መቀመጥ ነው፤ አንድ በጎ ፈቃደኛ ይመራል፣ ስለ አየር፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ሥራ ይወራል። ሰዋስው ለሚያውቅና አፉ ለማይፈታ ሰው ከክላስ ይሻላል። ይሄ ደግሞ የኛ ሰው ዓይነተኛ ችግር ነው። 12ኛ ክፍል ድረስ በእንግሊዝኛ ተምረን፣ መጽሐፍ አንብበን፣ ስልክ ሲደወልልን እንደነግጣለን። እንዲህ ዓይነት ሰው ከሆናችሁ ክበቡን አስቀድሙ። ሲልቨር ስፕሪንግ ከሄዳችሁ ክበቡ ውስጥ ሌላ አበሻ መኖሩ አይቀርም፤ አጠገቡ አትቀመጡ። ተቀምጣችሁ አማርኛ ማውራታችሁ ነው።

ሲትዝንሺፕ

እዚህ ላይ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ነገሩ በቅርቡ ተቀይሯል፤ አሁንም በአሮጌው የሚያጠና ብዙ ሰው አለ።

ኤን-400 (የሲትዝንሺፕ ማመልከቻውን ፎርም) ያስገባችሁት ከኦክቶበር 20፣ 2025 በፊት ከሆነ ለሲቪክሱ፣ ማለትም ስለ አሜሪካ ታሪክና መንግሥት ለሚሰጠው ፈተና፣ የምታጠኑት 100 ጥያቄ ነው፤ ኦፊሰሩ እስከ 10 ይጠይቃል፣ 6 መመለስ አለባችሁ። በዚያን ቀን ወይም ከዚያ በኋላ ካስገባችሁ ግን የምታጠኑት 128 ጥያቄ ነው፣ የምትጠየቁት እስከ 20፣ ማለፊያው 12። 12 ስትመልሱ ይቆማል፣ 9 ስትስቱም ይቆማል። ስለዚህ ጓደኛችሁ ባለፈው ዓመት ያለፈበትን ወረቀት ኮፒ አድርጋችሁ ከማጥናታችሁ በፊት ያስገባችሁበትን ቀን እዩ። ከሲቪክሱ ሌላ እንግሊዝኛ ማንበብና መጻፍ አለ፦ ከሦስት ዓረፍተ ነገር አንዱን በትክክል ካነበባችሁ፣ ከሦስት አንዱን ከጻፋችሁ ይበቃል። ንግግራችሁን ደግሞ ኦፊሰሩ ስለ ፎርሙ ሲጠይቃችሁ ይመዝናል። በመጀመሪያው ኢንተርቪው ያልተሳካላችሁበት ክፍል ካለ ለሁለተኛ ጊዜ ትቀጠራላችሁ።

አሁን ስለ እናትና አባቶቻችን። ፎርሙ በሚገባበት ጊዜ ዕድሜያቸው 50 የሞላና ግሪን ካርድ ይዘው 20 ዓመት የኖሩ፣ ወይም 55 ሞልቷቸው 15 ዓመት የኖሩ፣ የእንግሊዝኛው ፈተና አይመለከታቸውም። ሲቪክሱን ግን በአማርኛ ይፈተናሉ፣ አስተርጓሚ ይዘው ይገባሉ። 65 ሞልቷቸው 20 ዓመት የኖሩ ደግሞ የሚያጠኑት ተለይተው ምልክት የተደረገባቸውን 20 ጥያቄዎች ብቻ ነው፤ ከዚያ 10 ተጠይቀው 6 ይመልሳሉ፣ እሱም በአማርኛ። ስንት እናቶች «እንግሊዝኛ አልችልም፣ ይቅርብኝ» ብለው ግሪን ካርዳቸውን እያሳደሱ ቁጭ ብለዋል! ንገሯቸው።

ላይብረሪው የሚሰጠው ምንድን ነው? ብዙ ላይብረሪዎች የሲትዝንሺፕ ጥግ የሚባል መደርደሪያ አላቸው፤ የመንግሥቱ የጥናት ቡክሌትና ካርድ እዚያ አለ። የሲትዝንሺፕ ክላስ የሚሰጡም አሉ፤ ጥሩው ክላስ የልምምድ ኢንተርቪው ያለበት ነው፣ ስለዚህ ስትመዘገቡ እሱን ጠይቁ። ጥያቄዎቹ ከነመልሳቸው በኢሚግሬሽኑ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ በነፃ ተለቀዋል፤ ማንም ሰው «ልዩ ማጥኛ» ብሎ እንዳይሸጥላችሁ። የማይሰጡትን ደግሞ እወቁ፦ ላይብረሪያን ፎርም አይሞላላችሁም፣ የሕግ ምክርም አይሰጥም። በተለይ የተከሰሳችሁበት ነገር ካለ፣ ለረጅም ጊዜ ከአገር ወጥታችሁ ከነበረ፣ ወይም ታክስ ያልከፈላችሁበት ዓመት ካለ፣ ፎርሙን ከማስገባታችሁ በፊት ጠበቃ ወይም በመንግሥት ዕውቅና የተሰጠው የኢሚግሬሽን ወኪል አማክሩ። ላይብረሪው ነፃ የሚሠሩትን ዝርዝር ይሰጣችኋል። «እኔ እሞላልሃለሁ» የሚል የሰፈር ሰው ጋ አትሂዱ፣ ምንም ያህል ደግ ቢሆን።

የሃይስኩል ዲፕሎማ

አገር ቤት 12ኛን ጨርሳችሁ ወረቀቱ ካላችሁ ጂኢዲ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። መጀመሪያ መግባት የምትፈልጉትን ኮሌጅ ወይም ኮርስ ጠይቁ፤ ወረቀቱን አስገምግማችሁ ይቀበሏችሁ እንደሆነ እወቁ። ተቀባይነት ያለውን ወረቀት ፋይል ውስጥ አስቀምጦ ሁሉን ነገር ከዜሮ የሚጀምር ሰው አለ።

ያልጨረሳችሁ ግን ሁለት መንገድ አላችሁ። አንዱ ጂኢዲ ነው፦ ሒሳብ፣ የቋንቋ ክፍል፣ ሳይንስና ሶሻል ስተዲስ፣ አራት ፈተና፣ እያንዳንዱ ማለፊያው 145 ነው። አራቱን በአንድ ቀን መፈተን የለባችሁም፤ አንድ በአንድ መጨረስ ይቻላል፣ እንደዚያ አድርጉ። ሒሳብ የሚያስፈራችሁ ከሆነ በመጀመሪያ አትውሰዱት፤ ሶሻል ስተዲስን አልፋችሁ ወኔ ስታገኙ ይቀላል። ሌላው መንገድ ናሽናል ኤክስተርናል ዲፕሎማ ፕሮግራም የሚባለው ነው፣ በአጭሩ ኤንኢዲፒ ይሉታል፣ ዲሲም ሜሪላንድም አለ። አንድ ቀን ቁጭ ብሎ መፈተን ሳይሆን በየጊዜው በሚሠሩ ሥራዎች ችሎታን ማሳየት ነው። ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ለብዙ ዓመት የሠራ፣ የፈተና ክፍል ሲገባ ላብ የሚያጠምቀው ሰው ካለ ይሄ ለእሱ ነው። በሚገርም ሁኔታ በኛ ሰው ዘንድ አይታወቅም።

ኮምፒውተር ላይ ብዙ አልቆይም። ከማውስ አያያዝ ጀምሮ የሚያስተምሩ ክላሶች አሉ፣ ዋይፋይ ነፃ ነው፣ ኮምፒውተር በሰዓት ይሰጣል። ሬዙሜ ለመጻፍ አንድ ለአንድ የሚረዳ ሰው ካለ ቀጠሮ ያዙ።

የድሮ ካሴቶቻችሁን አውጡ

ይሄ ትምህርት ነው ባህል ነው? ሁለቱም። ዲሲ መሀል ያለው የማርቲን ሉተር ኪንግ ላይብረሪ (በ1972 ተከፍቶ፣ ታድሶ በ2020 እንደገና የተከፈተው) ሜሞሪ ላብ የሚባል ክፍል አለው። የሠርግ ቪኤችኤስ፣ የድምፅ ካሴት፣ የድሮ ፎቶ ወደ ኮምፒውተር ፋይል የምትቀይሩበት ቦታ ነው። በነፃ። የሚያስተምሩት አሠራሩን ነው፤ የምትሠሩት ራሳችሁ ናችሁ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ቀጠሮ ያዙ። ሰፊ ቦታ ያለው ፍላሽ ወይም ሃርድ ድራይቭ ይዛችሁ ሂዱ። የሁለት ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ ማፍጠኛ የለውም፤ ስለዚህ አሥር ካሴት በሻንጣ ይዛችሁ አትሂዱ። አንድ ነገር ቀድማችሁ ጠይቁ፦ አገር ቤት የተቀዳ ቪኤችኤስ የሚሠራው ፓል በሚባለው ሥርዓት ነው፣ አሜሪካ ደግሞ ኤንቲኤስሲ ነው። ማጫወቻው ፓል ካላነበበ ሥዕሉ እየዘለለ ያስቸግራችኋል። ስትደውሉ «ካሴቱ ፓል ነው፣ ታነባላችሁ?» በሉ። እናትህ በ80ዎቹ ከአዲስ አበባ በካሴት ድምፅ ቀድታ የላከችው ደብዳቤ ካለህ ግን እሱን ቀድመህ ውሰድ። የድምፅ ካሴት ይሄ ችግር የለበትም፤ ቴፑ ደግሞ በየዓመቱ እየተበላሸ ነው የሚሄደው።

አሁን የራሳችን ዝግጅት

ሁለት መንገድ አለ፣ ልዩነቱን እወቁ። አንደኛው አዳራሽ መያዝ ነው፦ ካርዳችሁን ይዛችሁ ክፍል ትጠይቃላችሁ፣ ሁሉን ነገር እናንተ ትሠራላችሁ። ሁለተኛው ዝግጅቱን ለላይብረሪው ሐሳብ አድርጎ ማቅረብ ነው። ከተቀበሉት የእነሱ ፕሮግራም ይሆናል፤ በካላንደራቸው ይወጣል፣ ማስታወቂያውን እነሱ ይሠራሉ፣ አንዳንዴ ለሙዚቀኛ ወይም ለተናጋሪ የሚከፍሉበት በጀትም አላቸው። ለትንሽ ስብሰባ የመጀመሪያው ይበቃል። ለእንቁጣጣሽ፣ ለሥዕል ዐውደ ርዕይ፣ ለግጥም ምሽት ግን ሁለተኛውን ሞክሩ። የማይሞከረው ስለማይታወቅ ብቻ ነው።

ሐሳቡን በአንድ ገጽ ጻፉ። ምንድን ነው፣ ለማን ነው፣ ስንት ሰው ይመጣል ብላችሁ ታስባላችሁ፣ ማን ያቀርባል፣ ከላይብረሪው የምትፈልጉት ምንድን ነው (ወንበር፣ ማይክ፣ ፕሮጀክተር)። ፕሮግራማቸውን ከወራት በፊት ስለሚዘጉ ለእንቁጣጣሽ ኦገስት ላይ መሄድ ከንቱ ነው። ፋሲካ እንዳለፈ ጠይቁ። ቀኑን ስትመርጡም አስቡበት፤ እንቁጣጣሽ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ይውላል (በ2027 ግን 12)፣ ያ ቀን ደግሞ ለአሜሪካኖች የሐዘን መታሰቢያ ነው። የሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት ይሻላል። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ዓርብ ቀትር ጁምዓ አለ፤ አትጋፉ።

ደንቦቹ ከላይብረሪ ላይብረሪ ይለያያሉ፣ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሟችሁ ግን እነዚህ ናቸው። የመግቢያ ማስከፈል አይቻልም። ዕቃ መሸጥ አይቻልም ወይም ልዩ ፈቃድ ይፈልጋል። በሩ ለሁሉም ክፍት መሆን አለበት፣ «ለአባላት ብቻ» አይባልም። ፊልም ለማሳየት የሕዝብ ማሳያ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ዲቪዲው የናንተ ስለሆነ ወይም ዩቲዩብ ላይ ስላለ አይበቃም።

እሳትም አይቻልም። እዚህ ጋ ነው ጣጣው፣ ቡና ሳይፈላ የአበሻ ዝግጅት የለምና። ከሰልና ዕጣን እርሱት፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው ከጮኸ ሕንፃው በሙሉ ይወጣል፣ የእሳት አደጋ መኪና ይመጣል፣ ሁለተኛ አዳራሽ የሚሰጣችሁ የለም። መላው ይሄ ነው፦ ቡናውን ጠዋት ቤት ቁሉት። ጥሬውንና የተቆላውን በሳህን ጎን ለጎን አቅርባችሁ እየዞረ ይሽተት። ረከቦቱን፣ ስኒውን፣ ጀበናውን በወጉ ደርድሩ። የኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈቀድ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ካልተፈቀደ ቤት አፍልታችሁ በፔርሙዝ አምጡና ከጀበና ቅዱ። ማንም አይነቅፋችሁም። ፈንዲሻውን ቤት አፈንዱ። ቄጤማ መጎዝጎዝ ያምራል፣ ወለሉ ምንጣፍ ከሆነ ግን እያንዳንዷን ስንጥር የምትለቅሙት እናንተ ናችሁ።

ምግብ ካለ የጾሙንና የፍስኩን ለዩ፣ ስም ለጥፉበት፣ ሥጋው ሐላል መሆን አለመሆኑንም ጻፉ። ለውዝና ሰሊጥ የገባበትንም፣ አለርጂ ያለበት አሜሪካዊ ልጅ ይመጣልና።

ሰዓት። ፍላየሩ ላይ «ከቀኑ 8 ሰዓት» ብላችሁ አትጻፉ፤ አንዱ በአገር ቤት ሰዓት አስቦ በትክክል ይመጣል፣ ሌላው በአሜሪካ ሰዓት አስቦ ማታ ይመጣና በር ተዘግቶ ያገኘዋል። «2፡00 ፒኤም» በሉ። የአበሻ ቀጠሮ የሚባለውንስ? አንዳንዱ ሰው እንዲያረፍዱ አስቦ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይጽፋል። አታድርጉት፤ ፈረንጆቹ በሰዓቱ መጥተው ባዶ አዳራሽ ውስጥ ይቀመጣሉ። ይልቅ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ለቡናና ለዐውደ ርዕይ አድርጉት፤ ውዝዋዜውና ንግግሩ ከዚያ በኋላ ይሁን። የያዛችሁት እስከ 5፡00 ከሆነ ደግሞ ማጽዳትና ወንበር መመለስም እዚያው ውስጥ ነው የሚቆጠረው። 4፡15 ላይ ሙዚቃውን አጥፉ።

ብዙ ሰው የሚሰበሰብበት ጠረጴዛ የትኛው እንደሆነ ልንገራችሁ፦ ስማቸውን በፊደል የሚጽፍላቸው ሰው የተቀመጠበት። ወፍራም ወረቀት፣ ጥሩ ማርከር፣ እጁ የሚያምር አንድ ሰው። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችንም ይሰለፋሉ፣ ፈረንጁም ይሰለፋል። ረጅም ንግግር ግን አታብዙ። የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ በአንድ ቅዳሜ አያልቅም። ስለ ባንዲራም ኮሚቴው አስቀድሞ ተነጋግሮ ይጨርስ፣ አዳራሽ ውስጥ የሚጀመር ክርክር ማቆሚያ የለውም።

የአማርኛ መጻሕፍት

የላይብረሪ ካታሎግ ላይ የአማርኛ መጽሐፍ በርዕስ ስትፈልጉ ካጣችሁ ወዲያው የለም አትበሉ። ርዕሱ በላቲን ፊደል፣ እኛ በማንጽፍበት ስፔሊንግ ነው የሚመዘገበው። ቀላሉ መንገድ የቋንቋ ማጣሪያው ላይ አማርኛን መርጦ ያሉትን ሁሉ ማየት ነው። የጸሐፊ ስምም በአባት ስም ሳይሆን በራሱ ስም ነው የሚፈለገው።

ከሌለ ደግሞ መጽሐፍ እንዲገዛ የመጠየቂያ ፎርም አለ። ሙሉት። ገዢዎቹ አማርኛ ስለማያነቡ ምን እንደሚገዙ ግራ ይገባቸዋል፤ የርዕሱን፣ የጸሐፊውንና የአሳታሚውን ስም፣ የት እንደሚሸጥም ጻፉላቸው። የልጆች መጽሐፍ ብትጠይቁ የበለጠ ይሰማሉ። ያሉትን መጻሕፍትም ተዋሱ፤ ለዓመታት ማንም ያልነካው መጽሐፍ ከመደርደሪያ ይነሳል፣ የአማርኛው መደርደሪያ በዚህ ነው የሚሳሳው።

ጠለቅ ያለ ነገር የምትፈልጉ፣ ማለትም የድሮ ጋዜጣ፣ የብራና ጽሑፍ፣ ከመደብር የጠፋ መጽሐፍ፣ ዲሲ ውስጥ ላይብረሪ ኦፍ ኮንግረስ አለላችሁ። የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ ንባብ ክፍሉ ቶማስ ጄፈርሰን ሕንፃ ውስጥ ነው። ትልቁን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው ቶማስ ሌይፐር ኬን የሰበሰባቸው የግዕዝና የአማርኛ ብራናዎችም እዚያው ናቸው። የአንባቢ ካርድ ነፃ ነው፣ ዕድሜው 16 የሞላው ሁሉ ያወጣል። መጽሐፉን ወደ ቤት መውሰድ አይቻልም፤ ምን እንደምትፈልጉ ቀድማችሁ ኢሜይል አድርጉላቸው፣ ከመጋዘን አውጥተው ይጠብቋችኋል።